ካሳ የሌለው እርቅ

አቶ መሸሻ ስለ ሜቲ ደብተር የገመቱት ሁሉ ስሕተት እንደ ነበር ዛሬ ሳይሸሽጉ ይናገራሉ። ሜቲ የክርስትና ልጃቸው ናት፤ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። አንድ ቀን የሳይንስ ደብተሯን ሲያገላብጡ፣ አናቱ ላይ ቀን ብቻ ሰፍሮበት ከዚያ በታች አንዲት ፊደል ያላረፈበት ገጽ አገኙ፤ አለፍ ሲሉ ሌላ፤ አለፍ ሲሉ ደግሞ ሌላ። «ወረቀት እንዲህ ይባክናል?» ብለው ተቆጧት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች እንጂ አልመለሰችም። እሳቸውም ዝምታዋን የጥፋተኛ ዝምታ አድርገው ቈጠሩት። የዚያው ትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢ ከሆኑ ያኔ ስድስተኛ ዓመታቸው ነበር።

በመጋቢት ወር የአካባቢው ቦርድ ሰብሳቢዎች ዲጋ ላይ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠሩ። አቶ መሸሻ የመጀመሪያውን ቀን እስከ ምሳ ታገሡ፤ ከምሳ በኋላ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሹልክ አሉና የነቀምቴ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጡ። መኪናው ግን ሞልቶ አልሞላ ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ ቆመ። በስተመጨረሻ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ይዛ መኪናውን ያስነሣችው ተሳፋሪ አሠልጣኟ ራሷ ሆነች።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ መሸሻ!» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» አሉ ፈጣሪን አመስግነው፣ መግቢያ ቀዳዳ እየፈለጉ። «የጨርቅ ነጋዴው የረዲ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ አባ፤ አዚዛ እባላለሁ። ቅጽ ላባዛ ነቀምቴ መግባቴ ነው። እርስዎስ? እኔ ስወጣ ጓደኞችዎ ገና በቡድን ይወያዩ ነበር።»

«ሆዴን ቆረጠኝ።»

«ሽሮውን ሁለቴ ሲያስጨምሩ አይቼ ነበር፤ እሱ ይሆናል።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሣቁ። ነገሩ በዚሁ ባለፈ ነበር፤ ግን ነቀምቴ ሳይደርሱ ጎማ ተነፈሰ፣ ተሳፋሪውም ወረደ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪኩን ሲታገሉት፣ ሁለቱ ከአንድ ዋንዛ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ መሸሻ ውሸታቸውን ተሸክሞ መቀመጡ ከበዳቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ» አሉ። «ከጧት ጀምሮ ‹ቦርድ ይጠይቃል፣ ቦርድ ይወስናል፣ ቦርድ ይመዘግባል› ስትዪ ሰማሁሽ። እኛ ዳኞች አይደለንም፤ ሽማግሌዎች ነን። አያቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሲሰፍር፣ ማስታረቅን ከዚህ አገር ጃርሳዎች፣ ከሽማግሌዎቹ፣ ጎን ተቀምጦ ነው የተማረው፤ እኔም ከእሱ ተማርኩ። መምህርና ርእሰ መምህር ሲጋጩ ርጥብ ሣር ይዘን እንገባለን፤ እናስታርቃለን፤ መርቀን እንወጣለን። የታረቀ ነገር አይነሣም፣ አይጻፍምም። የጻፍሽው ጠብ መቼ ይሞታል?»

ይህ የሰነፍ ሰው ክርክር አልነበረም። የተለያየ ቋንቋ የሚናገርና በተለያየ ደጅ የሚሰግድ ሕዝብ በአንድ ገበያ ውሎ በሰላም ወደየቤቱ ሲመለስ የኖረው፣ መርሳትን እንደ ጥበብ በያዙ እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። አዚዛም በዚሁ ገበያ ያደገች ናትና ይህን አልናቀችውም።

«ዘንድሮ ማንን አስታረቃችሁ?» ስትል ጠየቀች።

«የሳይንስ መምህሩን ጆቴንና ርእሰ መምህሯን ወይዘሮ የሺወርቅን፤ ከኅዳር ወዲህ ሦስት ጊዜ። የጆቴ እናት የሚኖሩት አኖ ከተማ ነው፤ ታመውበታል። ሰኞ ሰኞ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው እሱ ብቻ ነው። የሺወርቅ ‹ሰኞ ክፍሉ ባዶ ነው› ብላ ትከሳለች፤ እኛ ‹የእናት ነገር ነው፣ ይቅር በዪው› እንላለን፤ ይቅር ትላለች። ምን ጎደለ?»

«በሁለቱ መካከል ምንም አልጎደለም። ሰኞ ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር፣ አባ?»

«ልጆች ናቸዋ።»

«ከእርቁ ተቀመጡ?»

«ልጅ በሽማግሌ ጉባኤ መቼ ይቀመጣል!»

«ማን ተቀመጠላቸው ታዲያ?»

አቶ መሸሻ ተቆጡ። «ወረዳ አለላቸው! መንግሥት አለላቸው! የጎደለ ካለ ከላይ ይታያል።»

«ከላይ የሚሉት ወንበር እኮ ወደ እናንተ ወርዷል። ወረዳው ሰኞ በዚያ ክፍል መምህር መግባት አለመግባቱን አያይም፤ እርስዎ ከሱቅዎ ደጃፍ ሆነው ያያሉ። ሥልጣኑ የወረደው የቅርብ ዓይን ይሻላል ተብሎ ነው። የቅርብ ዓይን ከተጨፈነ ግን ከሩቁም ይብሳል፤ ሩቁ ቢያንስ ‹አላየሁም› ለማለት እውነት አለው።»

«እሺ እንወስን! ጆቴን እናባርረው? እናቱን ጥሎ ይምጣ? ዘመዶቹ ተቀይመው ልጆቻቸውን ቢያስቀሩ አንቺ ነሽ የምትመልሻቸው?»

የሥልጠናው መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ምላሽ ነበረው፤ ግን እንዲህ ባለ ሰው ፊት ባዳ ሆኖ ታያት። ስለዚህ አዚዛ ወደ ሽማግሌው ዕውቀት ዞረች።

«ይባረር አላልኩም። እርስዎ ከእኔ በሚያውቁት ነገር ልጠይቅዎ። አንዱ ሰው የሌላውን በሬ ቢገድል፣ ሣር ይዛችሁ ገብታችሁ፣ መርቃችሁ ብቻ ትወጣላችሁ?»

«ያለ ካሳ? ያለ ዋስ?» አሉ አቶ መሸሻ፣ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብለው። «እንዴት ተደርጎ! ያማ ማድበስበስ እንጂ እርቅ ነው?»

ይህን እንዳሉ ቃላቸው ወደ ራሳቸው ተመለሰ። መኪናው ዘንድ ረዳቱ ብሎኑን ይራገማል።

«የልጆቹ ካሳስ?» አለች አዚዛ በቀስታ። «ዋሳቸውስ ማን ነው?»

ሽማግሌው መሬቱን በከዘራቸው ሲጭሩ ቆዩ። «እንካስ ብንልስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንት ክፍለ ጊዜ እንደ ጎደለ በምን ይታወቃል? ቃለ ጉባኤ አልያዝንም። የሺወርቅም ይቅር ካለች በኋላ የቀሪ መዝገቡን ዘግታዋለች።» መጫሩን ተዉ። «አንዲት ልጅ ግን ታውቃለች።»

ስለ ደብተሩ ነገሯት። ባዶዎቹ ገጾች ላይ የነበሩትን ቀኖች አንድ በአንድ አስታወሱ፤ ሁሉም ሰኞ ነበሩ። ልጅቱ ትምህርቱ ሲመጣ ታሰፍርበት ዘንድ ለያንዳንዱ ሰኞ ቦታ ጠብቃለታለች።

«ተቆጧት?»

«ተቆጣኋት። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። እንዲህ እንዳለች ከተቀመጠች ትወድቃለች፤ አይደል?»

«እሷ ብቻ አይደለችም፤ ክፍሉ በሙሉ ነው። ግን ገና ሁለት ወር አላችሁ። የሰኞውን ሳይንስ ወደ ረቡዕና ሐሙስ አዛውሩት፤ የጎደለውን መምህሩ ከሰዓት በኋላ ይካሰው።»

«ያለ ወረዳ ፈቃድ?»

«ርእሰ መምህሯ ታዘጋጃለች፤ ቦርዱ ያጸድቃል፤ ወረዳውን ታሳውቁታላችሁ እንጂ ደጅ አትጠኑትም። የነገው ትምህርት ይኸው ነበር፤ እርስዎ ግን ሆድዎን ቆረጠዎት።»

አቶ መሸሻ በማግሥቱ ንጋት ከእሷ ጋር ወደ ዲጋ ተመለሱ፤ ሥልጠናውንም እስኪያልቅ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ተከታተሉ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው እንደ ወትሮው ሣር ይዘው ገቡ፤ በሌላ እጃቸው ግን የሜቲን ደብተር ይዘው ነበር። ገጾቹን ቈጠሯቸው፤ አሥራ ሦስት ሰኞ፣ በቀን ሁለት ሁለት፣ ሃያ ስድስት ክፍለ ጊዜ። ሰኞው ይቀየር፣ የጎደለው ይካስ የሚለው አሳብ ለመምህር ጆቴ ቀረበለት።

«ሦስት ጊዜ ይቅር ከምታስብሉኝ» አለ፣ «አንድ ጊዜ ሰዓቱን ብትቀይሩልኝ ይበቃኝ ነበር። ማንም ምን እንደሚያስፈልገኝ አልጠየቀኝም።»

«እኔም ይቅር ማለት ታክቶኝ ነበር» አለች ወይዘሮ የሺወርቅ።

ለውጡ የሰጠው ጥቅም ከዚህ አነጋገራቸው ይታያል። እናት ከነሕመማቸው አልተተዉም፤ መምህሩ በየወሩ አንገቱን ከመድፋት ዐረፈ፤ ርእሰ መምህሯም ከሳሽ መሆኗ ቀረና ሥራዋን ያዘች። ከሁሉ በላይ፣ በየእርቁ ሳይቀመጡ የቀሩት ልጆች የሚገባቸውን የሚያስጠብቅላቸው ወንበር አገኙ። ሽምግልናው አልፈረሰም፤ ጎደሎው ሞላለት እንጂ። ጠብ እንዲረሳ፣ ውሳኔ ግን እንዲታወስ ማድረግ በአንድ ጉባኤ አብሮ የሚሄድ ሥራ መሆኑን ሰብሳቢው ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ተማሩ፤ ዘግይተው መማራቸውንም ለሌሎች ቦርዶች ሲናገሩ አያፍሩበትም።

በዚያ ቀን ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ የልጆቹ ዋስ ሆነው የተጻፉትም አቶ መሸሻ ናቸው። የካሳው ትምህርት በሚሰጥበት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን እየዘጉ፣ ከክፍሉ በር አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ደብተሩን የመለሱላት ዕለት ሜቲን ይቅርታ ጠየቋት። ግንቦት አሥራ አምስት ቀን ሃያ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ተሰጠ፤ ሜቲ የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ሞላች፤ እሳቸውም መዝገቡ ላይ ፈረሙ።