ቲማቲም ገላውን አይታጠብም

አመሻሹ ላይ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ በልብስ ሰፊው ጎረቤቴ በር ላይ ከአንዲት ወጣት ጋር ተገጣጠምን። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች፣ የእርሻ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች የሠፈራችን ልጅ ናት። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ግን አላዩንም፤ መስኮቱ ሥር ቆመው ቲማቲሞቻቸው ላይ ከአናት ጀምረው ውሃ ያወርዳሉ። ከውስጥ ባለቤታቸው ትራስ ተደግፈው ያዩዋቸዋል። እኚህ ሴት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከአልጋቸው የሚታያቸው ይህችው የቲማቲም መደብ ናት። መደቧም ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆነች፣ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣች ነው። ከደረቀች ለማየት የሚቀራቸው የአጥሩ ቆርቆሮ ነው።

«ጋሼ፣ ቲማቲም እኮ ገላውን አይታጠብም!» አለች ልጅቷ።

«እግዜር ይመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ቅጠሎቹ አሳዝነውኝ ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል እርጥበቱን ይዞ ያድራል፤ ሻጋታ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥሩን ብቻ ቢያጠጡት…»

«ዝናብ ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው? ከሥር ነው?»

«ዝናብ ሲበዛም እኮ ይታመማል። ዝናቡን መለመን አንችልም፤ እርስዎን ግን እንችላለን።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ሽማግሌው ገረመሙኝ። እውነቱን ልናገር፤ ተምሬያለሁ ባዩ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በአጥር እያየሁ ትንፍሽ አላልኩም። ሽማግሌን ማረም ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ዝምታዬ ጨዋነት ሳይሆን ስንፍና መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ አፈርኩም።

«አፈር የነኩትን የታች ቅጠሎች ይቁረጧቸው» ቀጠለች ልጅቷ። «ከቅርንጫፉ ብብት የሚወጡትን ቀንበጦችም ገና በለጋነታቸው ይቀንሷቸው፤ ለፍሬው የሚሆነውን ጉልበት ይሻሙታል።»

«ያቆጠቆጠ ነገር ይቆረጣል እንዴ?»

«ጨርቅ ሳይቆርጡ ቀሚስ ሰፍተው ያውቃሉ ጋሼ?»

ይህቺ ገባቻቸው። ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ መቁረጡን እሺ፤ ውሃውን ግን አልተውም» አሉ። «ቅጠሉ ሲያብረቀርቅ ባለቤቴ ታያለች። ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው።»

«ያብረቀርቃል፤ ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ይህችንም ከከለከልኳት ምን ቀራት ብለሽ ነው?»

መስኮቱ ክፍት መሆኑን ሦስታችንም ረስተነው ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ባለቤታቸው፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው። «እኔ ውሃ አይቼ አላውቅም? የማየው አንተን ነው። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናህ አትነሳም። እነሱን ጠዋት አጠጣቸው። ማታ ባዶ እጅህን ና።»

ሽማግሌው ማጠጫውን መሬት አስቀመጡ። ወደ መስኮቱም ተጠጉ፤ እኛም ወደ ሌላ ቦታ አየን።

በማግስቱ የታመሙት ቅጠሎች ተለቅመው ከግቢው ወጡ። የማይድኑ ሁለት እግር ቲማቲሞች ተነቀሉ። የቀሩት በጨርቅ ቁራጭ ላላ ተደርገው ከእንጨት ጋር ታሰሩ፤ ሥራቸው ደረቅ ሣር ለበሰ፣ እርጥበቱንም ያዘላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ለእኛም ቤት የተረፈ ቀይ ፍሬ ሰጡ።

ሽማግሌው አሁን ማታ ማታ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሁለቱ ሳቅ በአጥር ይሰማኛል። እንግዲህ ቲማቲም ያለህ ወዳጄ፣ ጠዋት ተነስተህ ሥሩን አጠጣ፤ ማታህን ለሰው ተው።