ቀምሰው ያቀርቡ የነበሩት ወይዘሮ ያለምወርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከሩቅም ከቅርብም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸውን የወይዘሮ ያለምወርቅ ወልደ ሰንበትን የሕይወት ታሪክ የሚያነብላችሁ የባላቸው ታናሽ ወንድም መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነው። አንባቢውን የመረጡት ራሳቸው ሟቿ ናቸው፤ ለምን እንደመረጡት ወደ መጨረሻው ትሰማላችሁ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ኢየሱስ፣ ከአባታቸው ከመምሬ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ በ1946 ዓ.ም. በደብረ ወርቅ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአባታቸው እግር ሥር ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት በተሰጣቸው ጊዜ፣ ራሳቸው አሳምረው ማንበብ እየቻሉ፣ የተጻፈው በእርግጥ የእርሳቸው ስም መሆኑን በሁለት ሰው አስነብበው ካረጋገጡ በኋላ ነው ሣጥን ውስጥ ያስገቡት።

ይህን ስናነሣ ፈገግ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ወፍጮ ቤት የሄዱ እንደሆነ ዱቄታቸው ከነጆንያው ታስሮ አህያ ላይ እስኪጫን ዐይናቸውን አይነቅሉም ነበር፤ የገበያ ጨው በምላሳቸው ሳይነኩ፣ የጎረቤት እርሾ ሳያሸቱ ወደ ቤት አያስገቡም ነበር። “ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር” የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ሲጨንቀው ይተርተዋል፤ እርሳቸው ግን ኖሩበት።

በ1965 ዓ.ም. ከአቶ እንዳላማው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ከቁይ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ጎጆ ወጡ፤ ዓለምነውን፣ እስከዳርንና ዘመነን አፈሩ። አቶ እንዳላማው የማይጠረጥሩ፣ የሰጧቸውን የሚበሉ፣ የነገሯቸውን የሚያምኑ ሰው ስለነበሩ፣ ለሁለቱ የሚበቃውን ጥርጣሬ ወይዘሮ ያለምወርቅ ብቻቸውን ተሸክመውት ኖሩ።

በ1986 ዓ.ም. እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ ዓባይ ቆላ ወርደው ሲመለሱ በእርጥብ የኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የስኳር ድንች ሐረግ ይዘው መጡ። ነጩን ስኳር ድንች ከገበያ የምናውቀው ቢሆንም፣ ይህ ግን ልጡ ነጭ፣ ውስጡ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ፣ በአገራችን ማንም አይቶት የማያውቅ ዘር ነበር። ከቤታቸው በታች፣ ውርጭ ከማያገኘው ከምንጩ ጥግ ተከሉት፤ ሲደርስም አስቀድመው ለዶሮ ሰጥተው፣ ዶሮዋን ሦስት ቀን ጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው ራሳቸው የቀመሱት።

አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ ከመሬት የወጣውን ድንች ጣፋጭነቱ እንዲበረታ አንድ ሳምንት ጥላ ሥር ያቆዩታል፤ ውኃ ሳያስነኩ በጨርቅ ብቻ ጠርገው ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ልጡ ተጨማዶ ከጫፉ ማር የመሰለ ነገር ማዠት ሲጀምር አውጥተው፣ በቢላ ሳይሆን በእጃቸው ገምሰው፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰው፣ የኑግ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ከሽሮው ጎን ለማባያ ያቀርቡታል። የበላው ሰው ጣቱና ከንፈሩ ወይን ጠጅ ስለሚሆን የቆሎ ተማሪዎች “የቀለም ድንች” አሉት። መንደሩ ግን ከመጀመሪያውም ፊቱን አዞረበት፤ መሬት ውስጥ እንዲህ የጠቆረ ነገር ለበጎ አይበቅልም የሚሉ ነበሩ።

ኅዳር 12 ቀን 1992 ዓ.ም. የሚካኤል ማኅበር ተራው የእነርሱ ነበርና ማባያው ቀረበ። ወይዘሮ ያለምወርቅ እንደ አገራችን ወግ፣ ባለቤት ቀምሶ ያቀርባልና፣ ከሁሉ ቀድመው ገምሰው በሉ፤ ከማኅበርተኛው አንድም ሰው እጁን ባይዘረጋ አቶ እንዳላማው ሚስታቸው እንዳያፍሩ ብለው አብዝተው በሉ። በማግሥቱ ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ያስመልሳቸው ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ዐረፉ። አስከሬኑ ሲገነዝ የከንፈራቸውን ቀለም አይቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድንቹስ ምን ድንች ነበር ብሎ የጠየቀው ወንድማቸው ኃይለ ሚካኤል ነው።

ያቺ አንዲት ጥያቄ ለዐሥራ ሰባት ዓመት በቃች። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ያለምወርቅ ማኅበሩን አልተዉም፤ ኅዳር በመጣ ቁጥር የቀለም ድንቻቸውን ጠብሰው በሰፌድ ይዘው ይመጣሉ፤ በሁሉ ፊት ቀምሰው ያቀርባሉ፤ የማኅበሩ ሙሴ ሆኖ በላይኛው ወንበር የሚቀመጠው ኃይለ ሚካኤል ዳቦውን ባርኮ ሰፌዱን ያልፈዋል፤ እርሱ ያለፈውን ደግሞ ማን ይነካል? ጎረቤት ልጆቹን ከደጃቸው እንዳይበሉ ይመክር ነበር፤ እስከዳርም በዚሁ ወሬ የተነሣ አንድ ጊዜ እጮኛዋ ቀርቶባታል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሰፌዱን እንዳለ ይዘው ይመለሱና ከልጃቸው ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጠው ይበሉታል።

ባለፈው ዓመት ሕመም ጸንቶባቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኙ። በዚያም ጠባያቸው አልተለወጠም፤ ነርሷ ክኒን ስታመጣ አስቀድማ ትቅመስልኝ ይሉ ስለነበር ሕሙማኑ ሁሉ ይስቁ ነበር። መዳን እንደሌለ ባወቁ ጊዜ ወደ ቤታቸው ተመልሰው በመጀመሪያ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠሩ፤ በነፍስ አባታቸው ፊት፣ በቀብራቸው ቀን ምንም ነገር ቢሰሙ በማንም ላይ እጃቸውን እንዳያነሡ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይነግሩ በመስቀል አስማሏቸው። ቀጥለውም ኃይለ ሚካኤልን አስጠርተው ዜና ሕይወታቸውን እርሱ እንዲያነብ፣ የድንቹንም ነገር እንዳይዘል አዘዙት።

አንባቢው አይዘልም።

አቶ እንዳላማው በመስቀል ሰሞን የበሉት ጥሬ ሥጋ ኮሶ አምጥቶባቸው ለወንድማቸው በምስጢር ነገሩ። ኃይለ ሚካኤል፣ መድኃኒት ዐውቃለሁ ባይ ነበርና፣ ኅዳር 11 ቀን ማለዳ በረቱ ጥግ የኮሶ አበባ በጥብጦ በቅል አጠጣቸው፤ አልወርድ ቢላቸው በማኅበሩ ዕለት ማለዳ እጥፍ አድርጎ ደገማቸው። መጠኑን አላወቀም። ወንድሙ ሲያስመልሰው የቀለም ድንቹን ሳይሆን የእጁን ሥራ እንዳየ ያውቅ ነበር፤ ፈራና ድንቹን ጠየቀ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ከቀብር መልስ ቅሉን ከበረት አገኙት። አሸተቱት፤ ኮሶ ነው። ማንገቻውን አዩት፤ የኃይለ ሚካኤል ነው። ጨው እንኳ ሳይጠረጥሩ የማያልፉት ሴት፣ የያዙትን እውነት ቢናገሩ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዓለምነው የአባቱን ደም ከአጎቱ እንደሚመልስ፣ ያም ደም ሌላ ደም እንደሚጠራ ተረድተው፣ ቅሉን አጥበው ሰቀሉት፤ ጥርጣሬውንም በራሳቸው ላይ ተቀበሉት። ይህን ለአንባቢው የነገሩት የዛሬ ሳምንት ነው። እርሱ ዐሥራ ሰባት ዓመት እንደማያውቁ አድርጎ ሲያያቸው፣ እርሳቸው ዐሥራ ሰባት ዓመት እያወቁ ቡራኬውን ተቀብለውታል።

ዓለምነው፣ ዘመነ፣ የማላችሁት በዚህ ነው።

ወይዘሮ ያለምወርቅ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ከምንጩ ጥግ ዘንድሮም ያፈራ አንድ መደብ ድንች፣ ይቅርታ ለመጠየቅ የዘገየ አንድ የባል ወንድም ትተው አልፈዋል። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ፣ ሰው የጠረጠረባቸውን ሁሉ አራግፎ፣ ነፍሳቸውን ከባላቸው ከእንዳላማው ነፍስ ጋር በአብርሃምና በይስሐቅ በያዕቆብም አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እስከዳር በእናቷ ወግ በረመጥ የጠበሰችው የቀለም ድንች ይቀርባል። ማንም እንዳይሠጋ፣ ኃይለ ሚካኤል ከሁላችሁ በፊት ይቀምሳል።