ዳልቻ፣ ለጌታህ ንገረው

(ወይዘሮ ስመኝ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ለዘር የሚሆን ገብስ እየለቀሙ ለልጃቸው ለመንገሻና ለምራታቸው ለትርንጎ የተጫወቱት።)

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሁለት በሬ ያለው ሰው ጌታ ነው። እኛ አንድ ነበረን፣ ዳልቻ የሚባል። ታዲያ አንድ በሬ ብቻውን አያርስ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጀት ነው፣ ዛሬ የእኔ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ ያንተ። አባትህ፣ መንገሻ፣ የሚቀናጀው ከአያ ፈንታ ጋር ነበር፣ ከዚህ ከባሕር ዛፉ ማዶ ነበር ቤታቸው፣ በሬያቸው ደግሞ ቦራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እና እነዚያ በሬዎች ሲዋደዱ! ከቀንበር ሲፈቱ እንኳ አንዱ የአንዱን አንገት ሲልስ ነው የሚውለው። ሰዎቹም እንደዚያው ነበሩ እኮ፣ እስከዚያች ሰንበቴ ድረስ።

ሰንበቴ ላይ ጠላው ትንሽ በርታ ብሏል፣ አያ ፈንታ በሰው ሁሉ ፊት ምን ይላሉ፣ «የእኔ ቦራ ይጎትታል፣ የእነሱ ዳልቻ አጅቦት ይሄዳል!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ያስቃላ! አባትህ ግን አልሳቀም። ቤት ስንገባ «አንቺም ሳቅሽ?» አለኝ። «በሬዬን የሰደበ እኔን ሰድቧል፣ ከእንግዲህ ከዚያ ሰውዬ ጋር ቃል አልለዋወጥም» አለ።

ታዲያ ኩርፊያውስ ይሁን፣ እርሻውስ? ግንቦት ሊገባ ነው፣ ቢለያዩ የሁለታችንም መሬት ጦሙን ማደሩ ነው። እና ምን አደረጉ መሰላችሁ? በበሬ በኩል መነጋገር ጀመሩ! ኧረ በማርያም! አያ ፈንታ ጠዋት ቦራን ነድተው ይመጡና አጥሩ ሥር ይቆማሉ፣ አባትህ እዚህ ደጅ ላይ ቆሟል፣ ያን ወፍራም ድምፃቸውን ያወጡና «ዳልቻ! ለጌታህ ንገረው! የላይኛው ማሳ ድንጋይ አለበት፣ ማረሻውን እንዳይሰብር በለው!» አባትህ ደግሞ ቦራን እያሻሸ፣ «ቦራ፣ ለጌታህ ንገረው፣ ማረስ ከእሱ አልማርም በለው!» እጃቸውን ቢዘረጉ እኮ ይነካካሉ! እኔና የአያ ፈንታ ሚስት፣ እትዬ አንጓች፣ ነፍሷን ይማር፣ ምንጭ ስንወርድ በሳቅ እንሞት ነበር። «ዛሬስ በሬሽ ምን አለ?» ትለኛለች።

ግን ሁልጊዜ አያስቅም። ያን ሰሞን የአያ ፈንታ ልጅ ታመመች። አባትህ ሰምቷል፣ ጭንቅ ብሎታል፣ እና የቦራን አንገት ይዞ «ልጅቱ ተሻላት ወይ?» አለው። ቦራ ምን ይመልስ? አያ ፈንታ ለዳልቻ ቀስ ብለው «ተሽሏታል በለው» አሉ። ሁለቱም ተነፋፍቀዋል፣ ግን ማን ይቅደም?

ከዚያ ዳልቻ ገደል ገባ። ዝናብ ጥሎ አፋፉ ላይ ለምለም ሣር በቅሏል፣ እሱን እግጣለሁ ሲል መሬቱ ከዳው። በሬ የሞተበት ቤት፣ ልጆቼ፣ ኀዘን የገባበት ቤት ነው። አባትህ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀንበሩን አቅፎ ዋለ። «በቃ፣ ዘንድሮ ማረስ ቀረ፤ ፈንታ እንደሁ ከሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቦራን የማይፈልግ ማን አለ? ከላይ ሰፈርም ሰው እንደላኩባቸው ሰምተናል።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ፈንታ ቦራን ነድተው መጡ። እንደ ወትሯቸው አጥሩ ሥር ቆሙ። «ዳልቻ!» አሉ። «ዳልቻ፣ ለጌታህ...» ብለው ቀጥ አሉ። የሚነግሩት የለማ! ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አባትህ ከድንጋዩ ተነሣ። እና አያ ፈንታ ፊት ለፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ «ወንድሜ፣ ለቀልድ ነበር እኮ! ዳልቻ ጎበዝ በሬ ነበር። አምባራስ ካሉት አማቾቼ በሬ ለምኜ አመጣለሁ፣ የእኔ ቦራ ካንተ ደጅ ሌላ አያውቅም» አሉት። አባትህ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። በሬውም መጣ፣ ገብሱም ተዘራ። አባትህን ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ቆጨው። «ምነው ያቺን ቃል ዳልቻ ቆሞ በሰማት!» ይል ነበር።

ይኸን ለምን አወራኋችሁ? ይኸው ስንት ቀን ሙሉ ምን ስሰማ ነው የከረምኩት? «እማዬ፣ ለትርንጎ ንገሪያት፣ የጓሮው መሬት ለገብስ ነው በያት።» «እማማ፣ ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ካልሆነ ለአረም አልወጣም።» አንድ ጣራ ሥር ተቀምጣችሁ! ታዲያ እኔ ማን ሆንኩ? ዳልቻ ሆንኩ፣ ቀንድ ብቻ ነው የቀረኝ! (ሳቁ።) ግድ የለም፣ እችለዋለሁ፣ እወዳችኋለሁ። ግን እኔም አፋፉ ላይ ነኝ፣ ልጆቼ። አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ንገሪያት» ስትል የምትነግረው ታጣለህ።

(ትርንጎ ቀና ብላ «እማማ፣ ለልጅዎ...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።)

«መንገሻ፣ ና እስቲ ጓሮውን አብረን እንየው።»

(መንገሻ መልሱን ሊሰጥ እናቱን አየ።)

ምን ታየኛለህ? እሷ እዚያ ናት!