ዐሥር ዓመት ዝም ያሉት ሸማኔ

አቶ ኦይታ ዳና ሸማኔ ነበሩ።

ከአባታቸው ከአቶ ዳና ዳልጮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለቴ በ1918 ዓ.ም. በዶርዜ ተወለዱ። ጨንቻ ሄደው እስከ ሦስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው መወርወሪያ መያዝ ለመዱ። አባታቸው ከሽመናው ጋር ሽማግሌዎች የሚመክሩበትን የዱቡሻን ሥርዓትም አስተማሯቸው፤ በዱቡሻ የጠየቀ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ይሏቸው ነበር።

በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ሲሠሩ፣ አንድ የአፍሪካ አገር ነፃ ወጣ የሚል ዜና በራዲዮ በሰሙ ቁጥር ወንድም እንደተወለደለት ሰው እየተደሰቱ የአገሩን ስም በሸማ ዕቃቸው እንጨት ላይ በቢላ ይቀርጹ ነበር። በኋላ አርባ ምንጭ ገብተው ወይዘሮ ጌጤን አገቡና ካሱን፣ አስቴርንና ብዙነህን ወለዱ።

በ1972 ዓ.ም. ዚምባብዌ ነፃ ስትወጣ አባል የሆኑበት የሸማኔዎች ማኅበር ለሰልፍ የሚሆን ባንዲራዋን እንዲሠራ ታዘዘ። የተሰጣቸው ግን ጥቁርና ነጭ የጋዜጣ ፎቶ ስለነበር አቶ ኦይታ ቀለሙን ገምተው፣ ለወንድም ደስታ የዶርዜን ጥለት የሚያህል የለም በማለት በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ሠሩት። ባንዲራው ስህተት ሆኖ ተገኘና በአሻጥር ተከሰሱ። ሲጠየቁም «ነፃነቱን ሰማን እንጂ ቀለሙን አላየንም» ብለው በመመለሳቸው ታሰሩ። በሃያኛው ቀን ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በእስር ቤቱ ደጅ ላይ ተንበረከኩ፤ ሣሩን ረግጦ ማለፍ ነውር ነውና ተፈቱ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ወልደየሱስ ዛሬም በዚህ ቀብር ላይ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ምስጋናችን አላለቀም። አቶ ኦይታ ግን ሁለተኛ በስብሰባ ላይ ላለመናገር ፈርመው ስለወጡ ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ሳይቀሩ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዐሥር ዓመት ቆዩ።

በ1979 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ካሱ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ፤ እስካሁን ደብዳቤ አልመጣም። አቶ ኦይታ ባለፈው ዓመት ልባቸውን ቢታመሙም ከሥራ አልተለዩም። ይህን የሚያነበው ልጃቸው ብዙነህ ሴት ልጅ ሲወልድ ሉሊት ብለው ስም ያወጡላትና ማቀፊያዋን የሸመኑላት እርሳቸው ናቸው።

አቶ ኦይታ መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ እንደተቀመጡ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል፤ ካሱ መርዶውን አልሰማም። አብራችሁን ላነባችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። በእጃቸው ብዙ ሰው ያለበሱትን አባታችንን ጌታ በምሕረቱ ያልብሳቸው፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

የዚያን ቀን ስብሰባው የናሚቢያን ነፃነት ለማክበር ነበር። ሁሉም አጨብጭቦ ሲያበቃ አቶ ኦይታ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ፤ «ለናሚቢያ አጨበጨብን፤ ከልባችን ነው። ከዚህ ቀበሌ የሄዱት ልጆቻችንስ መቼ ይመለሳሉ?» አሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር «አባባ ኦይታ፣ ልብዎን ያምዎታል፤ ይቀመጡ እንጂ» ቢሏቸው «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ፤ በመቋሚያቸው ተደግፈውም ቆዩ። ሊቀ መንበሩ፣ ዛሬ እዚህ ያሉና ቤተሰቡ የሚያመሰግናቸው፣ በመጨረሻ እርሳቸውም ተነሥተው «አላውቅም አባባ። ነገ አውራጃ ሄጄ እጠይቃለሁ» አሉ።

አቶ ኦይታም «ተባረክ ልጄ» ብለው ተቀመጡ።