እትዬ ሰገነት ለአባቴ የከለከሉት አይረን

ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ስለ እትዬ ሰገነት ተናገር ስባል ደስ ብሎኝ ነው የተነሳሁት። እሳቸው ግን ከአሁኑ በዓይናቸው "ፍሬዘር፣ አሳጥረው" እያሉኝ ነው። አላሳጥርም! ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፣ ከእንግዲህ አለቃዬ አይደሉም።

ከጉኑኖ ተዛውረው ወደ ፋርማሲያችን የመጡ ዕለት መስኮቱ ላይ የነበረው ሚልክያስ ነው። እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ከበሽተኛው ጋር ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ሚልክያስ ቀና ሳይል "ማዘዣ!" አለ። የዝውውር ደብዳቤያቸውን አቀበሉት። "አዲሷ ኃላፊህ ነኝ። የተሰለፍኩት ሰው እንዴት እንደምታስተናግድ ልይ ብዬ ነው" አሉት። ሚልክያስ እስከ ዛሬ ጃንጥላ የያዘች ሴት ካየ ብድግ ይላል። አትሳቁ፣ እውነት ነው!

እሳቸው ፊት ደግሞ "ደከመኝ" ማለት አይቻልም። ወዲያው "ተለካህ?" ነው፤ ደምህን ማለታቸው ነው። ጥበቃችን ቶማ አንድ ቀን "ራበኝ" ቢል፣ ከልማድ የተነሳ "ተለካህ?" አሉት። "እትዬ፣ ሆዴ ለክቶታል" አላቸው።

የመሥሪያ ቤታችንን ልማድ ታውቃላችሁ። የአንዳችን ዘመድ ከደቡብ አፍሪካ ትልቅ የቪታሚን ብልቃጥ ከላከ፣ በሻይ ሰዓት እንደ ዳቦ ነው የምንካፈለው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን ያነባሉ። "ይኼ አይረን አለበት" ካሉ አለቀ፤ የሚልክያስ እጅ ባዶውን ይመለሳል።

"እትዬ፣ ለጉልበት ነው እኮ!"

"አንተ የወር አበባ የለህ፣ አታረግዝ። ሰውነት የተረፈውን አይረን እንደ ልቡ አያስወጣም። ጉበትህ ላይ ልታከማቸው ነው?"

"ታዲያ ለባልደረባችን ለትህትና ለምን ሰጧት?"

"እሷ ወልዳ ነው የተነሳችው፤ ደሟም ተለክቶ አንሷል። አንተ ለምቀኝነት ነው የምትውጠው።"

እትዬ፣ "የአይረን ፖሊስ" የሚል ስም ያወጣንልዎት ለዚህ ነው። አዎ፣ ዛሬ ሰሙት።

አሁን ቀልዱን ልተወው። አንድ ክረምት አባቴ ከሃላሌ መጣ። ከእርሻው መለየት የማይወድ ሰው፣ ከግቢው በር እስከ መስኮታችን ሲደርስ ትንፋሽ አጠረው። ደሙ ተለካ፤ አንሷል። አይረኑን ከመደርደሪያ ሳወርድ እትዬ እጄን ያዙኝ።

"ተለክቷል እኮ እትዬ" አልኩ።

"አይቻለሁ። ግን በደንብ የሚበላ ወንድ ነው። ታዲያ ደሙ የት ሄደ?"

አባቴ ተቆጣ። "ለሰው ሁሉ የሚሰጠውን እኔን ምን አድርጌ ትከለክለኛለች?" አለ። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው በወላይትኛ ረጋ ብለው አስረዱት። ኪኒኑ ለጊዜው ያበረታል፣ ሰገራም ያጠቁራል፤ ስለዚህ ውስጥ የሚደማ ነገር ካለ ተሸፋፍኖ ይቀራል። መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ አሉት። ባጃጅ ጠርተው ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዱት።

አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልተሰራጨም ነበር። ሐኪሙ "ትንሽ ቢቆይ ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርሰው መዝገቡን ከደነ። እኔ ግን የቀረውን ሰምቼዋለሁ። ለድካም ብዬ ኪኒን ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ ተሽሎት እየመሰለው ወደ ሃላሌ ይመለስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልፈልግም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ አይረን ሲያዝለት፣ በእጃቸው የሰጡት እሳቸው ናቸው። "አሁን ይውሰዱ አባቴ፤ አሁን ይጠቅምዎታል" አሉት።

እትዬ፣ ያኔ ላመሰግንዎት ስመጣ "ሥራዬ ነው፣ ሂድ ሰው ተሰልፏል" ብለው መለሱኝ። ዛሬ እኔን የሚያባርሩበት ሰልፍ የለም። በጣም፣ በጣም አመሰግናለሁ። እዚህ ካለነው አብዛኞቻችን መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት በሽተኛውን መጠየቅ እንዳለብን የተማርነው ከእርስዎ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ወላጅ ያለን በእርስዎ ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከልጅ ልጆችዎ ጋር ተጫውተው የሚጠግቡበት ጊዜ ይሁንልዎ። እንዳይጠፉብንም።

ለስላሳችሁን ያዙ እንግዲህ። ሚልክያስ፣ አስቀምጠው፣ ገና ነው! እትዬ፣ እስቲ ወደ በሩ ዞር ይበሉ። ከሃላሌ በጠዋት ተነስቶ "ጋላታይስ" ብሎ በራሱ አፍ ሊያመሰግንዎት የመጣ ሰው አለ። ዘንድሮ ቦሎቄውን የዘራው ራሱ ነው። አባባ፣ ና፣ ግባ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንተ አንሳልን።