በክንድ የተለካ ሰንሰለት

ዝናብ ባይጥል ኖሮ ይህን ነገር አልሰማም ነበር። ሳንግሜሊማ ከተማ ገበያ ወርጄ ዓሣ ገዝቼ ስመለስ ዶፉ ያዘኝና የሞተር መጋዝ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ዘልዬ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ በሰው ጨዋታ ጣልቃ መግባት ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ መስማቴን ሚስቴ ብታይ አታምንም።

ከባንኮኒው ጀርባ የሙያ ትምህርት ቤት የጨረሰችው ሜንጌ ቆማለች። ከፊቷ አጎቷ ሽማግሌው ዛምቦ አሉ፤ በመንደራችን ግንድ ሰንጥቆ ጣውላ በማውጣት የሚስተካከላቸው የለም። ሚስታቸው እትዬ አቮሞ በሩ አጠገብ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ቦቦሏቸውን፣ በቅጠል የተቀቀለውን የካሳቫ ጥቅል፣ ከቅጠሉ እየፈቱ ይበላሉ።

ዛምቦ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተዋል።

«በይ ከጣቴ ጫፍ እስከ ጣቴ ጫፍ ለክተሽ ከዚያ ከሰንሰለቱ ጥቅል ቁረጪልኝ። ቢረዝም እቀንሰዋለሁ፣ ቢያጥር እቀጥለዋለሁ።»

«በምን ይቀጥሉታል አጎቴ?»

«በምስማር ነዋ! ራሱን ቆርጬ፣ ጫፉን ቀጥቅጬ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! የሱሪ ቀበቶ አደረጉት እኮ!»

«አይ የዛሬ ልጅ! አንቺ ጡት ስትጠቢ እኔ የኢሮኮን ጠንካራ ግንድ እሰነጥቅ ነበር።»

«እሱንማ ማን ይክዳል? ለዚህ እኮ ነው ሰንሰለቱ ለእርስዎ የሚመጥን ይሁን የምለው።» ዛምቦ ያመጡትን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን መሪ ብረት አንሥታ ጠርዙን አሳየቻቸው። «ይህ ቦይ ይታይዎታል? የሰንሰለቱ የታች እግር የሚሮጠው እዚህ ውስጥ ነው። ከቦዩ ከቀጠነ ይንገዳገዳል፣ ከወፈረም ጭራሽ አይገባም። ጥቅሉ ላይ ያለው ደግሞ ለትልቁ መጋዝ ነው፤ እግሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርሳም ፒኞዎን ይበላዋል።»

«የተራራቀ ጥርስ ጥሩ አድርጎ ይነክሳል!»

«መንከስማ ውሻም ይነክሳል። እኛ የፈለግነው እንዲቆርጥ ነው።»

ሳቄን ለመደበቅ ዓሣዬን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ሜንጌ ዛምቦ ከብረቱ ጋር ያመጡትን አሮጌ ሰንሰለት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ሦስት ቦታ ላይ የተቀጠቀጠ ምስማር አለበት። በእኛ ጫካ የማያደርገው ሰው የለም፤ ሰንሰለት ሲላላ አንድ እግር ያወጡና በምስማር ይሰፉታል። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም መነጽሬን በሽቦ አስሬ የምሄድ ሰው ነኝ። ግን መነጽር ቢወልቅ አፍንጫ ላይ ነው የሚወድቀው።

«አጎቴ፣ እርስዎ ሲሰነጥቁ እትዬ የት ነው የሚቆሙት?» አለች ሜንጌ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የት ትቆማለች? ከግንዱ ጫፍ ነዋ! ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ሽብልቅ ትከትልኛለች።»

«ከመጋዙ ፊት ለፊት ማለት ነው።»

«አዎ፣ ፊት ለፊት።»

«ታዲያ ምስማሩ የተበጠሰ ዕለት ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

ዛምቦ ቆጣ አሉ። «ሁለቴ ነው የተበጠሰው! ሁለቴም መሬት ገባ።»

«ሦስቴ ነው» አሉ እትዬ አቮሞ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ቦቦሏቸውን አስቀምጠው ሻሻቸውን ፈቱና ፀጉራቸውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ከጆሯቸው በላይ አንዲት ጣት የምታህል ጠባሳ አለች።

«ቅርንጫፍ ቧጨረኝ ያልኩህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ሰንሰለቱ ወለቀ ብለህ መልሰህ አሰርከው። ምስማሩ ግን እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር።»

«አቮሞ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ መጋዙን መልሰህ ትነካው ነበር? አውቅሃለሁ እኮ። እጅህን አጣጥፈህ ቤት ስትውል ከማይ ብዬ ነው።» ቀጥለውም ፈገግ አሉ፤ «ደግሞም ሌላ ሴት ሽብልቅ እንድትይዝልህ አልፈልግም።»

ሽማግሌው ሄደው ከጎናቸው ቁጢጥ አሉና ያችን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። እንባቸው መጣ። ሠላሳ ዓመት ስመክር ኖሬ እንዲህ ሰው የሚመልስ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

«ሜንጌ» አሉ ሳይነሡ፣ «ለብረቴ የሚገጥመውን፣ ፋብሪካ ያያያዘውን ስጪኝ።»

«እግሩ ሰማንያ አራት ነው፤ ልክ ለእርስዎ ብረት። ሁለት ይውሰዱና ያፈራርቋቸው። ሲሞርዱ ጥርሶቹን ሁሉ እኩል ያድርጓቸው። በጣም ሲላላ ደግሞ ይጣሉት።»

«ልጣለው?»

«ይጣሉት።»

«ያሳሳል፣» አሉ፤ «ግን እሺ።»

ከወር በኋላ ጣውላ ልገዛ ዛምቦ ወደሚሰነጥቁበት ጫካ ወረድኩ። የሚገጥመውን ዕቃ ቆጥሮና ለክቶ መግዛት የሚያመጣውን ጥቅም በዓይኔ አየሁ፤ ጣውላው ቀጥ ያለ ነው፣ ድሮ እኩለ ቀን ላይ የሚያልቀው ቤንዚን እስከ ማታ ይዘልቃል፣ መሪ ብረቱም አይግልም። ልማድ ክቡር ነገር ነው፤ የምንወደውን ሰው መጋዝ ፊት የሚያቆም ልማድ ግን ከነምስማሩ ይጣል። እትዬ አቮሞ አሁን ከግንዱ ጫፍ ርቀው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሽብልቅ ሲያስፈልግ ዛምቦ መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋሉ።

ድሮ በዚያ ጩኸት መሐል በእጃቸው እያመለከቱ ነበር የሚጠሯቸው። ያን ቀን ሞተሩ ጠፋ፤ ጫካው ጸጥ አለ።

«አቮሞዬ!» ሲሉ ተጣሩ።

እትዬ አቮሞ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላሉም።

«እትዬ፣ እየጠሩዎት ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽብልቁን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ። «አንዴ ደግሞ ይጥራኝ ብዬ ነው።»