የታችኛው ቅጂ

በ1981 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሾላ ገበያ ምስር ገዝቼ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና የአቶ ሠረቀብርሃን ታይፕ ቤት ገብቼ ተጠለልኩ። አቶ ሠረቀብርሃን ማመልከቻና ማስታወቂያ በመጻፍ የሸመገሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ነገር ግን በሥራቸው አስተያየት የሚሰጣቸውን አይወዱም። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህን ጠባይ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ፋዲላ የምትባል የካራ ሰፈር ልጅ ጥላዋን እያራገፈች ገባች። መገናኛ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛ ናት። እጅ ከነሳች በኋላ ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋች። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የስኳርና የጨው ውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያስረዳ፣ አምና የካራ ጤና ጣቢያ ለእናቶች ያደለው ጽሑፍ ነው። በታይፕ የጻፉትም አቶ ሠረቀብርሃን ነበሩ።

«ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ እባክዎ ሁለቱን ያስተያዩልኝ» አለች።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በአንደኛው ላይ ስኳሩ ብዙ፣ ጨዉ ጥቂት ነው። በሌላው ላይ ግን ብዙ የተባለው ጨው ነው። ታይፕ ጸሐፊ በወረቀቶች መካከል ካርቦን እየከተተ ብዙ ቅጂ ባንድ ጊዜ ይመታል። አቶ ሠረቀብርሃን ወረቀቶቹን ካወጡ በኋላ ስህተታቸውን አይተው የላይኛውን ፍቀው አረሙ፤ ከሥር ያሉትን ረሱ። ጤና ጣቢያውም ያነበበው የላይኛውን ብቻ ነበር።

«አሳየች ለምትባለው ጎረቤቴ የደረሳት የታችኛው ነው» አለች ፋዲላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጇ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የዳነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እኔም ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ። «ታዲያ እኔን ልትወቅሽ መጣሽ?»

«ኧረ የለም ጋሼ። ጤና ጣቢያው ጽሑፉን ለነገ ይፈልገዋል። አለቃዬ በኮምፒዩተር እንዳወጣው ፈቅደውልኛል። ጽሑፉን አንዴ ካስገባሁት በኋላ ማሽኑ ላይ አንዲት መስመር ትእዛዝ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ኅዳጉ፣ መስመሩ፣ ገጹ ተስተካክሎ ለማተሚያው ይዘጋጃል።»

«ትእዛዝ! እኔ መታዘዝ እንጂ ማዘዝ አልለመድኩም» አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ለመሆኑ ማሽንሽ ስኳርና ጨው ለይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያውስ ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ ስሳሳት የሚጎዳው ጥቂት ቤት ነው። እናንተ አንድ ቃል ስትስቱ ግን ካራ በሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው!»

ክርክሩ አበቃ ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም።

«እውነትዎን ነው። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው» አለች። «በካርቦን ሲሆን እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው መነበብ አለበት፤ ዓይን ደግሞ ይደክማል። እዚያ ግን አንዱ በደንብ ከተነበበ ሁሉም ተነበበ ማለት ነው። ያን አንዱን እርስዎ ያንብቡልኝ።»

«ስህተት ባገኝስ? እንደ ገና ከመጀመሪያው ልትመቺው ነው?»

«አልመታውም። ቃሉን አርሜ ያችኑ ትእዛዝ እደግማለሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ወደ መገናኛ ወረድን። እኔን የወሰደኝ ጉጉት ብቻ ነው። ፋዲላ ጽሑፉን አስገብታ ያችን ትእዛዝ ከጻፈች በኋላ አቶ ሠረቀብርሃን ማሽኑ ፊት ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ውሃውን አፍሉ ይላል። ይቀዝቅዝ አይልም። ሕፃኑን ልታቃጥሉት ነው እንዴ?»

ፋዲላ ከጤና ጣቢያው ጽሑፍ ጋር አመሳከረች። እውነትም አንድ ቃል ዘላለች። ፊቷ ቀላ፤ ቃሉንም አስገባች።

«በቃ፣ ገጹ ተበላሸ» አሉ። «ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይገፋል።»

እሷ አንዲቷን መስመር ጻፈች። ገጹም ኅዳጉን ጠብቆ፣ ርዕሱን መሐል አድርጎ እንደ ገና ተሰለፈ። አቶ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ሲተፋ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላሉም።

ሲያልቅ ፋዲላ የላይኛውን ልትሰጣቸው አነሣች። እሳቸው ግን እጃቸውን ከክምሩ ሥር ሰደው የመጨረሻውን ሳቡና ከርዕሱ እስከ ግርጌው አነበቡት።

«ተሸነፍኩ» አሉ። «ማንበቡ አልቀረልኝም፤ የቀረልኝ መደጋገሙ ነው። ለማንበብ ለማንበቡማ ዓይኔ ገና ያገለግላል።»

ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው የሚያወጣውን ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው፣ የምታትመው ፋዲላ ሆነች። ድካሙ ቀነሰ፤ የሚባክነው ወረቀት ቀነሰ፤ ስህተት ሲገኝም የሚታረመው አንዴና ለሁሉም ሆነ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የቆየው ሙያ ከንቱ ይሆናል ለምትሉ፣ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

በዚያን ቀን ግን ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ፋዲላ ወረቀቶቹን ጠቅልላ ስትነሣ አቶ ሠረቀብርሃን ከክምሩ ሥር የሳቡትን ያን የታችኛውን ቅጂ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይህስ ጋሼ?»

«ይህ የአሳየች ነው» አሉ። «ቤቷን አሳዪኝ። እኔው ራሴ አነብላታለሁ።»